የጽሑፍን ምንጭ ስለ መጥቀስ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ፣ በከፍተኛ ትምህርት ቤት ጥናታዊ ጽሑፍ በሚያዘጋጁበት ጊዜ ምንጭ መጥቀስ የሚያስፈልገው መቼ እንደ ሆነ ለይተው ያውቃሉ፤ ከመጽሐፍና ከሰው አፍ የተገኘውን ቃል በትክክለኛው ሥርዓት ለመጥቀስ ይችላሉ፤ የራሳቸውን አሳብ ከሌላው ሰው አሳብ ለይተው ለማሳየት ይለማመዳሉ።

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በጽሑፍ ሥራ ረገድ ምን ሊያስተምረን ይችላል?
2. አንድ ሰው አንድ ታሪክ ሲነግራችሁ «ይህን ከማን ሰማህ?» ብላችሁ የምትጠይቁት ለምንድን ነው?

ለ. ምንባብ

1. ጽሑፍና ምስክር

በአገራችን በቆየው የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው ሲከራከሩ ነገራቸው የቱንም ያህል ቢያምር ዳኛው «ምስክር ቁጠር» ማለቱ አይቀርም ነበር። ምስክር መቁጠር ማለት ነገሩን ያየውን ወይም የሰማውን ሰው በስሙና በአገሩ ለይቶ ማቅረብ ነው። «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» ብሎ የሚመልስ ተሟጋች ነገሩን ለማስረዳት አይችልም። ሰዎቹ እነማን እንደ ሆኑ፣ የት እንደሚገኙ፣ ነገሩንም እንዴት እንዳወቁት መናገር ይጠበቅበታል። «ማን ይናገር የነበረ፤ ማን ያርዳ የቀበረ» የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ጥናታዊ ጽሑፍም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጸሐፊው ተሟጋች ነው፤ አንባቢው ዳኛ ነው፤ ጸሐፊው ያነበባቸው መጻሕፍትና የጠየቃቸው ሰዎች ደግሞ ምስክሮቹ ናቸው። ምስክሮቹን ያልቆጠረ ጸሐፊ የተናገረው ሁሉ እውነት እንኳ ቢሆን፣ አንባቢው እውነትነቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ አያገኝም።

ምንጭ የሚጠቀስባቸው ምክንያቶች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ለደከመው ሰው ድካሙን መመለስ ነው። አንድ ደራሲ ለብዙ ዓመታት ሰነድ አገላብጦ ያገኘውን ነገር በአንድ ቀን ገልብጦ የራስ ማስመሰል ስርቆት ነው። ሁለተኛው አንባቢው ጸሐፊው በሄደበት መንገድ ተመልሶ እንዲሄድ ማስቻል ነው። አንባቢው ከፈለገ ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ ገጽ ገልጦ ጸሐፊው ቃሉን አጣምሞት እንደ ሆነ ለመመርመር ይችላል። ሦስተኛው ለጸሐፊው ለራሱ የሚጠቅም ነው። የሌላው አሳብ የት እንደሚያበቃ በግልጽ ያሳየ ጸሐፊ የራሱ አሳብ ከየት እንደሚጀምርም ያሳያል። ምንጩን የሸሸገ ግን በራሱ አእምሮ ያፈለቀው አሳብ እንኳ ቢኖር ከተሰረቀው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋበታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ መባሉ የሰውን ወርቅ ያጠለቀ ሰው የራሱ ጌጥ እንኳ ስለማይታመንለት ጭምር ነው።

2. በእኛ ዘንድ የቆየው ልማድ

ምንጭ መጥቀስ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ የመጣ የባዕድ ልማድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት መምህሩ አንድን ምስጢር ሲያብራራ ከሌላ መጽሐፍ በግዕዝ ቃል ያመጣና «እንዲል» ብሎ ያስረዋል። «እንዲል» ማለት «ይህ ቃል የእኔ አይደለም፤ ምስክሬ ይህ ነው» እንደ ማለት ነው። ልዩ ልዩ ፍች ሲኖርም መምህሩ «አንድም» እያለ እያንዳንዱን በየተራ ያቀርባል እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን አይሰውርም። በቅኔ ትምህርትም ቢሆን የዋድላ፣ የጎንጅ ወይም የዋሸራ ቤት እየተባለ ቅኔው የተማረበት ቤት ተለይቶ ይታወቃል።

ሆኖም በዚህ ልማድና በዛሬው ሥርዓት መካከል አንድ ልዩነት አለ። የትርጓሜ መምህሩ «እንዲል» ሲል ብዙ ጊዜ የመጽሐፉን ስምና ምዕራፉን አይናገርም፤ ተማሪዎቹ ቃሉን በቃላቸው ስለሚያውቁት ከየት እንደ መጣ ወዲያው ይረዱታልና። የዛሬው ጸሐፊ ግን የሚጽፈው በአንድ ጉባኤ አብሮት ላልተቀመጠ፣ ምናልባትም በሌላ አገር ለሚኖር አንባቢ ነው። ስለዚህ «እንዲል» ብቻ አይበቃውም፤ ማን እንዳለ፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ዓመት፣ በስንተኛው ገጽ እንዳለ መጨመር አለበት።

ምንጭን በግልጽ ስለ መናገር ሁለት ታሪኮች ለምሳሌ ይጠቅሳሉ። የመጀመሪያው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ታሪክ ነው። በ1948 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የሦስት ሊቃውንት ድካም ውጤት ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፍተው ፈጸሙት። አለቃ ኪዳነ ወልድም መጽሐፉ ሳይታተም ስላረፉ፣ ለኅትመት ያበቁት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ከዚህ በኋላ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ያሳተሙት እኒሁ አለቃ ደስታ ናቸው። የግዕዙን መዝገበ ቃላት የሚያነብ ሰው ሥራው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ ያውቃል። በመካከል ያለው የመምህሩን ስም፣ የመጨረሻውም የሁለቱን ስም ሰውሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ ባላወቅነው ነበር።

ሁለተኛው በውጭ አገር የሆነ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮማ ከተማ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ጎታ ተጋብዘው ሄዱና ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ቋንቋና ልማድ ለሉዶልፍ ብዙ ነገር አስረዱት። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 በላቲን ቋንቋ ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ በብዙው በእርሳቸው ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1658 መርከብ ሰጥማ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ የሞቱትን ሰው ስም ቢሸሽግ የሚከሰው አልነበረም። እርሱ ግን ስማቸውን በመጽሐፉ እየደጋገመ ጠቀሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1691 ባወጣው የታሪኩ ማብራሪያ ውስጥም ምስላቸውን አሳተመ። የአባ ጎርጎርዮስ ዕውቀት ከነስማቸው እስከ ዛሬ የደረሰን ሉዶልፍ ምንጩን በመጥቀሱ ነው።

3. ምንጭ የሚጠቀሰው መቼ ነው?

ይህን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በጅቡቲ ከተማ፣ ሃያብለ በሚባለው ሠፈር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ፈጽማ ዩኒቨርሲቲ ገባች እንበል። መምህሯ ስለ አዲስ አበባና ጅቡቲ የምድር ባቡር ታሪክ ጥናታዊ ጽሑፍ እንድታዘጋጅ አዘዛት። በእጇ ሦስት ዓይነት ምንጮች አሉ። በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በሠፈሯ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ አዛውንት ናቸው።

ይህች ተማሪ ምንጭ መጥቀስ የሚገባት በሚከተሉት ጊዜያት ነው።

ሀ) የሌላውን ሰው ቃል እንዳለ ስትገለብጥ፣
ለ) የሌላውን ሰው አሳብ በራሷ ቃል ስታቀርብ፣
ሐ) ዓመተ ምሕረት፣ መጠን፣ ዋጋና ይህን የመሳሰለ ቁጥር ስትጽፍ፣
መ) ጸሐፊዎች የማይስማሙበትን ነገር ስታነሣ፣
ሠ) ከሰው አፍ የሰማችውን ቃል ስትጽፍ፣
ረ) ካርታ፣ ፎቶግራፍ ወይም ሠንጠረዥ ከሌላ ሥራ ወስዳ ስታስገባ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው። አንዳንድ ተማሪዎች የሌላውን ዐረፍተ ነገር ጥቂት ቃላት ከለወጡ የራሳቸው የሆነ ይመስላቸዋል። ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀውን የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር የአንድ ደራሲ ቃል ነው ብለን እንውሰድ።

«የባቡሩ መምጣት ቀድሞ የግመል ነጋዴዎች ያርፉባቸው የነበሩትን ከተሞች አዳከመ፤ በሐዲዱ ዳር ግን አዳዲስ ከተሞችን ወለደ።»

ተማሪዋ ይህን አንብባ «የባቡሩ መድረስ ከዚህ በፊት ግመል ነጂዎች ያድሩባቸው የነበሩትን ከተሞች አደከመ፤ በሐዲዱ አጠገብ ግን አዲስ ከተሞችን ፈጠረ» ብትል የለወጠችው ልብሱን እንጂ ገላውን አይደለም። የዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር፣ የአሳቡም አካሄድ የደራሲው ነው። መጽሐፉን ከድና፣ አሳቡን በልቧ አብላልታ «ሐዲዱ የንግዱን መንገድ ስላዛወረው የአንዱ ከተማ ዕድገት ለሌላው ከተማ ውድቀት ምክንያት እንደ ሆነ ደራሲው ያስረዳል» ብትል ግን ቃሉ የራሷ፣ አሳቡ የደራሲው መሆኑ ታወቀ። በዚህም ጊዜ ቢሆን የደራሲውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን መጻፏ አይቀርም።

ምንጭ መጥቀስ የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ጅቡቲ የወደብ ከተማ መሆኗን፣ ድሬዳዋ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል መገኘቷን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ይህን ለመሰለ ነገር ምስክር መቁጠር ጽሑፉን ያከብዳል እንጂ አያስከብረውም። ጸሐፊዋ በገዛ ዓይኗ ያየችውን ወይም በራሷ አስተያየት የደረሰችበትን መደምደሚያም ከማንም አትጠቅስም። ነገር ግን ያየችውን መቼና የት እንዳየችው መግለጽ አለባት። አንድ ነገር ሁሉም የሚያውቀው መሆን አለመሆኑ ቢያጠራጥራት መጥቀሱ ይሻላል፤ ያለ አስፈላጊነቱ የተጠቀሰ ምንጭ አንባቢውን ቢያሰለች እንጂ ጸሐፊዋን በሌብነት አያስጠረጥራትም።

4. አጠቃቀሱ እንዴት ነው?

ቃል በቃል ስለ መጥቀስ። የሌላው ሰው ቃል እንዳለ ሲወሰድ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። ከቃሉ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ መለወጥ አይፈቀድም፤ የተዘለለ ነገር ካለ በሦስት ነጥብ (...) ይመለከታል። ጥቅሱ ከአራት ወይም ከአምስት መስመር በላይ ከሆነ ከጽሑፉ ተለይቶ፣ ከግራና ከቀኝ ገባ ብሎ ይጻፋል፤ ትእምርተ ጥቅስም አይደረግለትም። ጥናታዊ ጽሑፍ ጥቅስ በጥቅስ ላይ የሚደረደርበት መሆን የለበትም። ቃል በቃል የሚጠቀሰው የደራሲው አነጋገር ራሱ ማስረጃ ሲሆን ወይም በሌላ ቃል ቢባል ትርጉሙ የሚጎድል ሲሆን ነው።

የደራሲ ስም። በጽሑፉ ውስጥ ምንጭ ሲጠቀስ የደራሲው ስም፣ መጽሐፉ የታተመበት ዓመትና ገጹ በቅንፍ ውስጥ ይጻፋሉ፤ ወይም የማመልከቻ ቁጥር ተሰጥቶ በግርጌ ማስታወሻ ይገለጣሉ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥና እስከ መጨረሻው በዚያው መጽናት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚጠራው በራሱ ስም ነው እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። ኤውሮፓውያን የቤተሰብ ስም ስላላቸው ያንን ያስቀድማሉ። የኢትዮጵያውያንን ስም በዚሁ መንገድ ገልብጦ «ወልደ መስቀል፣ ማኅተመ ሥላሴ» ብሎ መጻፍ ግን መጽሐፉን የአባትየው ማድረግ ይሆናል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ «(ማኅተመ ሥላሴ፣ 1942፣ ገጽ —)» ይባላል፤ በመጨረሻው የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝርም «ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል፣ ዝክረ ነገር፣ አዲስ አበባ፣ 1942 ዓ.ም.» ተብሎ በ«መ» ተራ ይገባል። አለቃ፣ ብላታ፣ ዶክተር የመሳሰሉት ማዕረጎች በፊደል ተራ አይቆጠሩም።

እትም። «ዝክረ ነገር» በ1942 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ በ1962 ዓ.ም. እንደገና ታትሟል። መጽሐፍ እንደገና ሲታተም የገጹ ቁጥር ሊለወጥ ስለሚችል ጸሐፊው የያዘው የትኛው እትም እንደ ሆነ ካልተናገረ አንባቢው የተባለውን ቃል በተባለው ገጽ ላይ ላያገኘው ይችላል።

የዘመን አቆጣጠር። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ለሚኖር ተማሪ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በእኛ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንሳይኛ መጻሕፍት ግን 1917 ተብሎ ይገኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ያልጻፈ ተማሪ ግን አንዱን ሁነት ሁለት ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1909 ባቡሩ የሚደርሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ነበርና አንባቢው ጭራሽ ወደማይሆን ዘመን ይሄድበታል። ስለዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሆነው «ዓ.ም.»፣ በኤውሮፓውያን የሆነው «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመመለስ የሚፈልግ ወሩንም ማወቅ አለበት። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ኤውሮፓውያን ዓመታቸውን ከለወጡ በኋላ ግን እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ዓመት ነው። ወሩ ካልታወቀ ዓመቱን በመጽሐፉ እንደ ተገኘ ጽፎ ምልክቱን ማድረግ ይበቃል።

ከሌላ ሰው መጽሐፍ የተገኘ ጥቅስ። ተማሪዋ የሉዶልፍን ቃል ያገኘችው በሌላ ደራሲ መጽሐፍ ውስጥ ከሆነ «ሉዶልፍ፣ በእገሌ እንደ ተጠቀሰው» ማለት አለባት። ያላነበቡትን መጽሐፍ እንዳነበቡ አድርጎ መጥቀስ ያላየ ምስክር እንደ ማቆም ነው። የመካከለኛው ደራሲ ተሳስቶ ቢሆን የእርሱ ስሕተት በእርሷ ላይ ይቆጠራል። ይህን ምንባብ አንብቦ ስለ አባ ጎርጎርዮስ የሚጽፍ ተማሪም ምንጩ ይህ የትምህርት መጽሐፍ እንጂ ሉዶልፍ እንዳልሆነ ይወቅ።

ከሰው አፍ የተገኘ ቃል። በሃያብለ የሚኖሩት አዛውንት መጽሐፍ አልጻፉም፤ ሆኖም በባቡር ጣቢያዎች ስለ ነበረው ኑሮ መጽሐፍ የማይነግረንን ነገር ያውቁ ይሆናል። ቃላቸው የማንም እንዳልሆነ አድርጎ «ሽማግሌዎች እንደሚሉት» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ስማቸው፣ የቀድሞ ሥራቸው፣ ቃሉ የተወሰደበት ቦታና ቀን መመዝገብ አለበት። አስቀድሞ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ይገባል፤ ስማቸው እንዲጠራ ባይፈልጉ «ስማቸው እንዲገለጥ ያልፈቀዱ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ» ተብሎ ይጻፋል። የመጽሐፍ ደራሲ ቢሞት መጽሐፉ ይቀራል። አዛውንቱ ሲያልፉ ግን ቃላቸውን የሚይዘው የተማሪዋ ደብተር ብቻ ሊሆን ስለሚችል ምዝገባው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከኢንተርኔት የተገኘ ጽሑፍ። የጸሐፊው ስም፣ የጽሑፉ ርእስ፣ የወጣበት ስፍራና ተማሪዋ ያነበበችበት ቀን ይመዘገባሉ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ዛሬ ታይቶ ነገ ሊለወጥ ይችላልና። ማን እንደ ጻፈው የማይታወቅ ጽሑፍ ግን ስሙን የማይናገር ምስክር ስለሆነ በሌላ ምንጭ ሳይረጋገጥ ሊታመን አይገባም።

አንድ ምንጭ በተከታታይ ሲጠቀስ ስሙን መደጋገም አያስፈልግም፤ «ዝኒ ከማሁ» ተብሎ የገጹ ቁጥር ብቻ ይጨመራል። «ዝኒ ከማሁ» ማለት «ይህም እንደዚያው» ማለት ነው።

5. የተበላሸና የታረመ አንቀጽ

ከዚህ በታች ያለውን አንቀጽ የጻፈው ምንጭ መጥቀስን ያልለመደ ተማሪ ነው እንበል።

«የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ተጀመረ። በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ሲሆን አንዳንዶች ግን በ1917 ነው ይላሉ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ሠራተኞቹ ብዙ ቋንቋ ይናገሩ ነበር።»

በዚህ አንቀጽ ሐዲዱ ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ድሬዳዋ ደርሷል! ይህ የሆነው የመጀመሪያው ዓመት በኤውሮፓውያን፣ ሁለተኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለ ተጻፈ ነው። «አንዳንዶች» የተባሉት እነማን እንደ ሆኑ አይታወቅም። የርዝመቱም ቁጥር ምስክር የለውም። ሃያብለ የምትኖረው ተማሪ ግን ያንኑ ነገር እንደሚከተለው ልትጽፈው ትችላለች። በሰረዝ የታየው ቦታ የገጽ ቁጥር፣ የምንጭ ስም ወይም ቀን የሚገባበት ነው።

«ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ሐዲድ የማሠራት ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ (ፓንክኸርስት፣ እ.ኤ.አ. 1968፣ ገጽ —)። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917፣ ይኸውም በ1909 ዓ.ም. ነው (ዝኒ ከማሁ፣ ገጽ —)። ስለ ሐዲዱ ርዝመት ጽሑፎች አይስማሙም። 781 ኪሎ ሜትር ነው የሚሉ አሉ (—)፤ 784 ኪሎ ሜትር የሚሉም አሉ (—)። የሥራ ትእዛዝ በፈረንሳይኛ፣ የዕለት ጭውውት ግን በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ እንደ ነበረ አንድ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ አስረድተዋል (ቃለ ምልልስ፣ ጅቡቲ፣ ሃያብለ፣ —)። ከዚህ የምንረዳው ሐዲዱ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ቋንቋም ያጓጓዝ እንደ ነበረ ነው።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ምንጭ አልተጠቀሰበትም፤ የጸሐፊዋ የራሷ አስተያየት ስለሆነ ነው። ከእርሱ በፊት ያሉት ሁሉ ባለቤታቸው ስለ ታወቀ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር የእርሷ መሆኗ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። የርዝመቱንም ቁጥር ከሁለት አንዱን መርጣ ሌላውን አልሸሸገችም፤ እንደ ትርጓሜ መምህራን «አንድም» ብላ ሁለቱን አቀረበች እንጂ። አሮጌው ሐዲድ ሥራውን ለአዲሱ ለቅቋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋልና። ስለዚህ ስለ ቀድሞው ባቡር የሚጽፍ ሰው ሄዶ ሊያየው የማይችለውን ነገር ከምስክሮች መቀበል ግድ ይሆንበታል። ምስክሮቹን በስማቸው ያቆመ ጸሐፊ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ ራሱ የታመነ ምስክር ይሆናል።

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የሚሰጡትን ትርጉም ከተረዳችሁ በኋላ በእያንዳንዳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

1. ምስክር መቁጠር
2. ደቀ መዝሙር
3. ትእምርተ ጥቅስ
4. አብላልቶ
5. ዋቢ
6. ዝኒ ከማሁ
7. የግርጌ ማስታወሻ

መ. መልመጃ

መልመጃ 1። በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

1. ጥናታዊ ጽሑፍ ከሙግት ጋር የተነጻጸረው እንዴት ነው? ጸሐፊው፣ አንባቢውና ምንጩ በማን በማን ተመሰሉ?
2. የትርጓሜ መምህር «እንዲል» ብሎ ሲያበቃ የዛሬው ጸሐፊ ግን ገጽና ዓመት የሚጨምረው ለምንድን ነው?
3. አለቃ ኪዳነ ወልድና አለቃ ደስታ ከእነርሱ በፊት የደከመውን ሰው ስም ሸሽገው ቢሆን ኖሮ ምን ይጠፋ ነበር?
4. የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም በአባቱ ስም ተገልብጦ የማይጻፈው ለምንድን ነው?
5. በተበላሸው አንቀጽ ሐዲዱ ሥራው ሳይጀመር ድሬዳዋ የደረሰ የመሰለው በምን ምክንያት ነው?

መልመጃ 2። ከሚከተሉት ውስጥ ምንጭ መጥቀስ የሚያስፈልጋቸውንና የማያስፈልጋቸውን ለዩ፤ ምክንያታችሁንም ግለጡ።

1. የኢትዮጵያ ዋና ከተማ አዲስ አበባ ናት።
2. የባቡሩ መምጣት የዘይላን የወደብ ንግድ አዳክሟል።
3. ትናንት ጧት በሠፈራችን ገበያ የሦስት ቋንቋ ተናጋሪዎች ሲገበያዩ አይቻለሁ።
4. አያቴ በልጅነታቸው በባቡር ስላደረጉት ጉዞ የነገሩኝ ታሪክ።
5. ከአንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ የተወሰደ የጅቡቲ ካርታ።

መልመጃ 3። ከትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ምረጡ። ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ወስዳችሁ በመጀመሪያ ሁለት መስመር ቃል በቃል ጥቀሱ፤ ቀጥሎ መጽሐፉን ክደኑና የአንቀጹን አሳብ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። በሁለቱም ጊዜ የደራሲውን ስም፣ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩና ገጹን አመልክቱ።

መልመጃ 4። በምትኖሩበት ሠፈር አንድ አዛውንት ወይም አሮጊት ስለ ቀድሞ ሥራቸው ጠይቁ። ፈቃዳቸውን አስቀድማችሁ አግኙ። የነገሯችሁን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አቅርቡ፤ የእርሳቸውን ቃልና የእናንተን አስተያየት አንባቢ ለይቶ እንዲያውቅ አድርጉ። ጽሑፉ ሲያልቅ ለተናጋሪው አንብቡላቸውና የተጣመመ ነገር ካለ አርሙ።